የእናቴ እግር ፋይል

ይህን የማወራችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። ለማስፈራራትም ጉልበት ያስፈልጋል። እኔ ደክሞኛል።

ግን ሆኗል። በዐይኔ ፊት፣ ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ውስጥ... በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል።

ሙኒያ እባላለሁ። ናዲር የሚባል ሱዳናዊ ሰው ሠራሽ እግር በሚሠራበት ትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ ነው የምሠራው። ከጦርነቱ ወዲህ ሥራ አጥተን አናውቅም።

ናዲር የተቆረጠውን እግር በስልክ ስካን ያደርጋል። ስካኑ ኮምፒውተሬ ላይ ሲከፈት ከጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች የተሠራ መረብ ነው፤ እዚህም እዚያም የተበሳሳ። ዙሪያውን ደግሞ ስልኩ ከአየር ላይ የለቃቀመው ቅንጥብጣቢ ይንሳፈፋል። ቅንጥብጣቢውን አጠፋለሁ። ሦስት ማዕዘኖቹን እቀንሳለሁ። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ እደፍናለሁ። ከዚያ ማሽኑ በዚያው ልክ ፎም ይቀርጻል፤ በፎሙ ላይ የጋለ ፕላስቲክ ይለበጣል፤ ሰውየው እግሩን የሚያስገባበት ይሆናል።

ማሽን መገመት አያውቅም። አንዲት ቀዳዳ ከቀረች የቱ ውስጥ፣ የቱ ውጭ እንደሆነ ይጠፋበታል።

"በእጅሽ ድፈኚው" ይለኛል ናዲር ሁልጊዜ። "'ሁሉንም ዝጋ' የሚለውን ቁልፍ እንዳትነኪ፣ ያ በቲ፣ ልጄ። የማይገናኘውን ያገናኛል።"

የዚያን ቀን የከፈትኩት ስካን የእናቴ ነበር።

እናቴ ሬሕማ የወሎ ሰው ናት። ዐማራት ሰፈር፣ ዛሂራ የምትባል ሴት ቤት ተቀጥራ ስትሠራ፣ የከባድ መሣሪያ አረር ግቢው ላይ ወድቆ ቀኝ እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጠው። ያኔ ወደ መቃብር መውጣት አይታሰብም። እግሩን በነጭ ጨርቅ ቋጥረው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ኒም ዛፍ ሥር ቀበሩት።

ከዚያ ወዲህ የምትሰግደው ተቀምጣ ነው። የምትለምነኝም አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ሙንዬ፣ አንዲት ሰላት ቆሜ ልስገድ። ሌላ አልፈልግም።"

ናዲር ለዐስር፣ ለከሰዓቱ ሰላት፣ ወደ መስጊድ ሊወጣ ጫማውን አጠለቀ።

"ያላ ሙኒያ፣ ስመለስ ማሽኑ ላይ ላግኘው።"

"ኢንሻአላህ።"

እኔና እናቴ ቀረን። እሷ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ክራንቾቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች።

መረቡ ላይ፣ ከጉልበቷ ራቅ ብሎ፣ አንድ ቅንጥብጣቢ ተንሳፍፏል። አጠፋሁት። ፋይሉን ዘግቼ መልሼ ከፈትኩት...

አለ። ደግሞ አድጓል።

ተረከዝ ነበር።

ናዲር የሌላ ሰው ስካን ደርቦብኝ ይሆናል አልኩ። አጠፋሁት። ዘግቼ ከፈትኩ።

አሁን ተረከዙ ጣቶች አውጥቷል። ከጉልበቷ በታች ባዶ ቦታ አለ... ከባዶው ቦታ በታች እግር ቆሟል። ትንሿ ጣት ጎረቤቷ ላይ ወጥታለች።

ያቺን ጣት አውቃታለሁ። እናቴ ካረጀች ወዲህ ጥፍሯን የምቆርጥላት እኔ ነበርኩ።

ትንሿን ጣት ብቻ መረጥኩ። አጠፋኋት።

"ውይ!" አለች እናቴ።

"እማ፣ ምን ሆንሽ?"

"ምንም። ጣቴ ነው።"

"የትኛው ጣትሽ?"

ከዚያ በሹክሹክታ...

"የሌለው።"

ደንበኞቻችን ሁሉ የሌለ እግራቸው ያማቸዋል፤ የታወቀ ነገር ነው አልኩ ለራሴ። ማውሱ ግን በላቤ ረጥቧል።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለችኝ።

"እግርሽን እየሠራሁ ነዋ።"

"ታዲያ ቀስ በያ! የበግ እግር አደረግሽው እንዴ?"

ስልኬ ጠራ። ዛሂራ ናት። ሰሞኑን፣ በጦርነቱ ጊዜ በየግቢው የተቀበሩትን እያወጡ ወደ መቃብር ቦታ ይወስዷቸዋል። የእናቴንም እግር ሊወስዱላት ነበር።

"ሙኒያ... እናትሽ ትሰማለች?"

"አትሰማም።"

"ቆፈሩ። ጨርቁን አገኙት። ቋጠሮው እንዳለ ነው፤ ወላሂ በእጄ ነው የፈታሁት..."

"እሺ?"

"ባዶ ነው፣ ያ በቲ። ውስጡ አፈር እንኳ የለም።"

ስልኩን አስቀመጥኩ።

ቀጥሎ ያደረግሁት የፈራ ሰው ሥራ አይመስልም። የደከመ ሰው ሥራ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የሰው እግር ስደፍን ውዬ ዐይኔ ተቃጥሏል። ብቻ ይለቅልኝ... ብቻ ይለቅልኝ አልኩና "ሁሉንም ዝጋ" የሚለውን ተጫንኩት።

ኮምፒውተሩ ትንሽ ቆየ።

ከጉልበቷ ሥር ቆዳ ወደ ታች ወረደ። ከእግሩም ቆዳ ወደ ላይ ወጣ። መሃል ላይ ተገናኙ... ቅልጥም ሆኑ።

አንድም ቀዳዳ የለውም። ሙሉ እግር ነው።

ልሰርዘው እጄን ዘረጋሁ።

"አትንኪው" አለች እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ።

ከተቀመጠችበት ስክሪኑ አይታያትም።

"እማ..."

"ተይው ሙንዬ። በአላህ... ተይው።"

ወደ ማሽኑ ላክሁት።

ማሽኑ ፎሙን መቅረጽ ጀመረ። ነጭ ብናኝ ተነሳ። ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ዐይኔን ጨፈንኩ። ተኝቼ ይሆን? አላውቅም። የገለጥኩት ድምፅ ስሰማ ነው።

"አላሁ አክበር..."

መጋረጃውን ገፋ አደረግሁት።

ክራንቾቹ ግድግዳው ላይ ናቸው።

እናቴ ቆማለች።

ቀሚሷ መሬት ይነካል፤ ከሥሩ ያለውን አላየሁም። ማየትም አልፈለግሁም። አጎነበሰች፣ ቀና አለች። ግንባሯን መሬት ልታስነካ ሱጁድ ወረደች፣ ተነሳች። ምንም አልያዘችም። አልተንገዳገደችም። እንባዋ ብቻ ይወርዳል።

ወደ ቀኝ ዞራ፣ ወደ ግራ ዞራ አሰላመተች። ከዚያ እንደ ወጣት ብድግ አለች።

"ሙንዬ" አለች በቀስታ። "ማሽኑን እንዳታጠፊው።"

ጆሮዬን አቀናሁ። ከኋላዬ ጸጥ ብሏል።

"እማ... ማሽኑ እኮ ቆሟል።"

አየችኝ። ፈገግ አለች። ከዚያ በባዶ እግሯ፣ በሲሚንቶው ላይ፣ ወደ እኔ መራመድ ጀመረች...

የሚሰማው የአንዱ እግሯ ኮቴ ብቻ ነበር።