በጥቅስ የታሰረው ማንቂያ

ዘበኛው ይስማው ትንፋሹን ይዞ ገብቶ የጥበቡን ሬሳ ከዘር መጋዘኑ ጎትቶ ያወጣው ጠዋት ነበር። ኢንስፔክተር ማንጠግቦሽ የወገዳ መንገድ ያደቀቀውን ወገቧን ይዛ ስትደርስ ልጁ ጋቢ ለብሶ ግቢው ውስጥ ተጋድሟል። ጡረታዋ ተቃርቧል፤ የልጅ ሬሳ ማየት አንገሽግሿታል። ቢሆንም ጎንበስ ብላ ጋቢውን ገለጠች።

ጥበቡ ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ ኮምፒዩተር የሚያስተምር ወጣት ነበር። በአማርኛ የሚጻፍ የፕሮግራም ቋንቋ ሠርቶ፣ በዚያው ቋንቋ ይህን የገብስ ዘር መጋዘን የሚጠብቅ ፕሮግራም ጽፎ ነበር። የነቀዝ መድኃኒቱ ጋዝ ሲበዛ ፕሮግራሙ ማራገቢያ ያስነሣል፣ ሰው እንዲወጣ ይጮኻል። ዛሬ ግን ጋዙ ቤቱን ሞልቶት ሳለ ጭጭ ብሏል።

የሟቹ ቀኝ እጅ እንደተጨበጠ ደርቋል። ጣቶቹን ቀስ ብላ ስታላቅቅ ገብስ አገኘች። አንዷን ፍሬ በጥፍሯ ሰበረቻት፤ ነቀዝ በልቷት ውስጧ ባዶ ነበር።

«ራሱን ገደለ ይላሉ» አሉ እናቱ ወይዘሮ ሐረገ ወይን፣ ከሬሳው ራስጌ ሳይነሡ። «ፍትሐት የለውም ይላሉ። እህቴ፣ ልጄን ያለ ጸሎት አፈር ላልብሰው?»

ማንጠግቦሽ ጋቢውን መልሳ አለበሰችው። አጠገባቸው የቆሙት መምሬ ተክለ ማርያም አንገታቸውን ደፉ። «ራሱን ያጠፋ እንደሆነ ሥርዓቱ እጄን ይይዘኛል። እስክትጨርሺ እጠብቃለሁ ልጄ፤ ግን ሬሳ አያድርም።»

የኮምፒዩተሩ ክፍል እንደተቆለፈ ነበር። ማንም ሳይገባ ፖሊስ እንዲቆምበት አዘዘችና የመጋዘኑን ኃላፊ ዓለምነህን ጠራች።

«ኮምፒዩተሩን ማን ይነካዋል?»

«እሱና ሊድያ። እኔ እንኳ ለመክፈት ሰው ነው የምጠራው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢንስፔክተር፣ ልጁ ሰሞኑን ሆድ ብሶት ነበር። ራሱ የጻፈውን ትእዛዝ ራሱ ወሬ አድርጎት ገባ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?»

ማንጠግቦሽ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ አሰናበተችው።

ሊድያ ቋንቋውን ከጥበቡ ጋር የሠራች የሥራ ባልደረባው ናት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ክፍሉ ተከፍቶላት ፕሮግራሙን ስታየው ደንግጣ ተነሣች።

«ይሄን ማን ነካው? ‹ማራገቢያ ክፈት›፣ ‹ማንቂያ አሰማ› የሚሉት ትእዛዞች በጥቅስ ምልክት ተከበዋል!»

«ቀስ ብለሽ አስረጂኝ፤ ደክሞኛል።»

«ቋንቋው ለቃሚ የምንለው ክፍል አለው። ምስር እንደሚለቅም ሰው ፊደል በፊደል እያየ ይሄ ቁጥር፣ ይሄ ትእዛዝ ብሎ ይለያል። የጥቅስ መክፈቻ ካየ ግን መዝጊያው እስኪመጣ ያለውን ሁሉ ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል። ትእዛዝ ቢሆንም አይፈጸምም።»

«መዝጊያው ቢረሳስ?»

«የቀረውን ሁሉ ይውጥና ‹ጥቅሱ አልተዘጋም› ብሎ እምቢ ይላል። ፕሮግራሙ ጨርሶ አይነሣም። ይሄ ግን ይኸው መብራቱ አረንጓዴ ነው።»

«ይህቺ ያዘመመች መስመርስ?»

«አንዳንዴ የሂሳብ ማካፈያ ናት፤ አንዳንዴ ደግሞ በጽሑፍ ውስጥ ፈልግ የሚባለው ቃል የት እንደሚጀምር ታሳያለች። ለቃሚው የሚለያት ከእሷ በፊት ምን እንደመጣ አይቶ ነው።»

«የእኔም ሥራ ይኸው ነው» አለች ማንጠግቦሽ ወንበር እየሳበች። «አንቺ ትእዛዙን ዝም ማሰኘት ብትፈልጊ እንዴት ታደርጊዋለሽ?»

«መስመሩ ፊት አንድ የማስታወሻ ምልክት ይበቃኛል፤ ለቃሚው መስመሩን ዘሎት ያልፋል። በጥቅስ ማን ይደክማል?» አለችና፣ ለምን እንደተጠየቀች ሲገባት ፊቷ ዐመድ መሰለ።

ይስማው በር ላይ ተቀምጦ እጁን ያፍተለትላል።

«አቶ ዓለምነህ ኮምፒዩተር ያውቃል?» አለችው ማንጠግቦሽ።

«ኧረ የት ያውቃል! ብቻ መጋዘኑ ሲመረቅ ‹ማራገቢያው ሳይነሣ ትእዛዙን ለእንግዳ እንዴት ላሳይ?› ብሎ ጥበቡን ጠየቀው። ልጁ በጥቅስ አስገባና ‹ይኸው፣ አሁን ወሬ ሆነ› አለው። ስንስቅ ዋልን። ዓለምነህም ራሱ እየጻፈ ተጫወተበት።»

«ከዚህ መጋዘን ዘር የሚወስዱት የስማዳ ገበሬዎችስ ሰሞኑን መጥተው ነበር?»

«ዘሩ አልበቀለም ብለው እያለቀሱ መጡ። ጥበቡም ‹አይቼ አርብ ገበያ ላይ እነግራችኋለሁ› አላቸው።»

ማንጠግቦሽ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች። ቆማ መናገር ስላቃታት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ስሕተት ነው እንዳንል፣ የተረሳ ጥቅስ ፕሮግራሙን አያስነሣውም። ይሄኛው ተከፍቶ በልክ ተዘግቷል፤ አስቦ የሠራው ሰው አለ። ሊድያ ብትሆን አንድ ምልክት ይበቃት ነበር። ይሄ አንድ ነገር ብቻ የተማረ ሰው እጅ ነው።»

«ጥበቡ ራሱስ?» አለ ዓለምነህ።

«ለመሞት ብሎ የሚገባ ሰው ለገበሬ የሚያሳየው ናሙና አይዘግንም። ይህን ገብስ ከእጁ ነው ያላቀቅሁት፤ ነቀዝ የጨረሰው ነው። ምርጡ ዘር ተሽጦ በገበያ እህል ተቀይሯል፤ ጥበቡም ደርሶበታል። ማንቂያው ዝም ሲል ጋዙ የወጣ መስሎት ገባ። የገዛ ፕሮግራሙን አመነ።»

ትንፋሿን ሰበሰበች።

«አቶ ዓለምነህ፣ ‹ትእዛዙን ወሬ አድርጎት ገባ› አሉኝ። ያን ጊዜ ክፍሉ ተቆልፎ ነበር፤ እኔም ሊድያም ገና አላየነውም። ከዚያ ቃል በፊት ምን መጣ ብዬ ብፈልግ የነገረዎት ሰው አጣሁ። ኮምፒዩተር መክፈት የማያውቅ ሰው ይህን ከየት አየው? የሠራኸው አንተ ነህ።»

«ገበሬው ቢሰማ በቁሜ ይቀብረኝ ነበር» አለ ዓለምነህ። ፖሊሶቹ ክንዱን ያዙት።

ሊድያ ኮምፒዩተሩ ክፍል ገብታ የጥቅስ ምልክቶቹን አጠፋች። ማራገቢያው እየጮኸ ተነሣ፤ ከጣሪያውም ጥበቡ በሕይወት ሳለ የቀረጸው የራሱ ድምፅ ወጣ። «ውጡ! ወንድሞቼ፣ ቶሎ ውጡ!»

ወይዘሮ ሐረገ ወይን ደረታቸውን ይዘው ቀና አሉ። መምሬ ተክለ ማርያም እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ይስማው፣ ሂድ ደወል አስደውል። ፍትሐቱ ይደረስለታል።»

ሊድያ ድምፁን ልታጠፋ ስትመለስ እናቲቱ እጃቸውን ዘረጉ።

«ተይው ልጄ፤ ትንሽ ይጩህልኝ።»

ማንጠግቦሽ ከድንጋይዋ ተነሥታ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች።