የሻምበል ቁርስ

ድመቱን የገደለው ዘማርያም ነው። መርፌውን የወጋችው ግን ሀይማኖት ስለሆነች፣ መካነ ሰላም እስከ ዛሬ የሚያማው እሷን ነው።

ሀይማኖት የኩታበር ልጅ ናት። በእንስሳት ሕክምና ተመርቃ መካነ ሰላም ክሊኒክ ስትመደብ፣ ትንሽ ሠርታ ወደ ደሴ ልትዛወር ነበር ሐሳቧ። ፍቅር የሚባል ነገር በዕቅዷ ውስጥ አልነበረም።

ዘማርያምን ያየችው በገበያ ቀን ነው። የክሊኒኩ ግቢ በበሬ፣ በበቅሎና ጀርባው በተላጠ አህያ ተሞልቷል። በመካከላቸው ነጠላ ያጣፋ ረጅም ወጣት ክዳን ያለው ቅርጫት አቅፎ ቆሟል። ቅርጫቱ ውስጥ የሆነ ነገር ይጮኻል።

«ዲያቆን፣ ዶሮዋ ታመመች እንዴ?» አለው አንድ ገበሬ።

«ድመት ነው።»

«ለእርሻ ነው ወይስ ለጭነት?»

ግቢው በሳቅ ሞላ። ወጣቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ሀይማኖትም ሳቀች... ከዚያ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙና ሳቋ መሃል ላይ ቀረ።

«ስም?» አለችው።

«ዘማርያም።»

«የድመቱን ነው የጠየቅሁህ።»

«ሻምበል። አባቴ ናቸው ያወጡለት፤ ስለ ጢሙ።»

ሻምበል ውሃ አይጠግብም፤ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሳይቀር ይጠጣል። እየበላ ይከሳል። በኋላ እግሮቹ ተረከዝ ነው የሚራመደው። የሸናበት ቦታ ላይ ጉንዳን ይሰፍራል።

«ስኳር ሳይሆን አይቀርም» አለች ሀይማኖት።

ዘማርያም ፊቱ ተለወጠ። «አባቴም በእሱ ነው የሞቱት። የስኳር መለኪያቸው ቤት አለ። እህቴ እፀገነት ከኩዌት የላከችላቸው ነው፤ ከእሳቸው በኋላ ማንም አልነካውም።»

በማግስቱ ቤታቸው ሄደች። የዘማርያም እናት እትዬ የዓለምዘርፍ መለኪያውን ከሣጥን አውጥተው፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ሰጧት። ባላቸው መርጌታ ወልደ ሚካኤል እስኪያርፉ ድረስ ሻምበል ከእግራቸው ሥር ተነሥቶ አያውቅም ነበር።

«ጌታዬን የበላ በሽታ ነው» አሉ። «ይሄን እንኳ አትርፊልኝ፣ ልጄ።»

ሀይማኖት ለማንም የማይሆን ተስፋ መስጠት አትወድም። «እሞክራለሁ» ብቻ አለች።

መጀመሪያ ምንም መርፌ አልነበረም። «እየበላ ጆሮውን ዳስስለት፣ በቃ» አለችው ዘማርያምን። እሱም ጠዋት ሥጋ እየከተፈ፣ ማታ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እየከተፈ፣ ጆሮ ሲዳስስ ከረመ። ቀጥሎ ለብ ያለ ጨርቅ ጆሮው ላይ ማሳረፍ መጣ። ቀጥሎ ከጆሮው ደም የምታወጣዋን ትንሽ መውጊያ ድምፅ ብቻ አሰሙት... ጠቅ፣ ከዚያ ቁራጭ ሥጋ። ጠቅ፣ ከዚያ ቁራጭ ሥጋ። ሻምበል ድምፁን ሲሰማ በራሱ ጊዜ መምጣት ሲጀምር፣ ሀይማኖት የጆሮውን ጠርዝ ወጋችው። ሰሊጥ የምታህል ደም ወጣች። ድመቱ ቀና ብሎም አላየም።

ኢንሱሊኑን ከደሴ አስመጣች። ቤቱ ፍሪጅ ስለሌለው እርጥብ አሸዋ በተሞላ ገንቦ ውስጥ አስቀመጡት።

«ቆዳውን ትከሻው መሃል ላይ እንዲህ ታነሣለህ። ሥሩን ትወጋለህ። አንድ ነገር ግን እንዳትረሳ። መጀመሪያ ይበላል፣ ከዚያ ይወጋል። ሳይበላ ከተወጋ ስኳሩ ወርዶ ይገድለዋል። ገባህ?»

«አስተማሪው እኔ መስሎኝ።»

«አንተ የሒሳብ አስተማሪ ነህ። ያዘው አሁን።»

«ይዤዋለሁ። እሱማ አርፎ ተቀምጧል... እጄን ያልለቀቅሽው አንቺ ነሽ።»

እውነቱን ነበር። የእሱ እጅ ከእሷ እጅ ሥር ነበር፤ ማናቸውም አላነሡም።

ሻምበል ወፈረ። እግሩ ቀና አለ። ሽማግሌዎች ኩታበር ሄደው ቃል ይዘው ተመለሱ። ዘማርያም ዲያቆን ስለሆነ ሠርጉ በቁርባን ይሆናል፣ ከፋሲካ በኋላ። ሀይማኖት የዝውውር ማመልከቻዋን ቀደደችው።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

እትዬ የዓለምዘርፍ የቤቱን ዕቃ ሁሉ በአመድ አሽተው አጠቡ። «ቤቴ ሥጋ አይገባም» አሉ። «ከጓሮ ከሆነ ግን እኔ አላየሁም።»

የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ተዘግተዋል። ክፍት የሆነው የሙስሊሙ የአህመዲን ሥጋ ቤት ብቻ ነው።

«እኔ እገዛለሁ» አለች ሀይማኖት።

«አይሆንም። ‹የመርጌታ ምራት በጾም ሥጋ ቤት ታየች› ይሉሻል። ገና ሳትገቢ ስምሽን አላስጠፋም።»

«ያንተስ ስም?»

«እኔን ይበሉ። የአገሩ ልጅ ነኝ፣ እችለዋለሁ።»

ሀይማኖት እንባ የሚቀርባት ሴት አይደለችም። የዚያን ቀን ግን እንባ ባቀረረ ዓይን አየችው። ዲያቆን ነው፤ በሁዳዴ ሥጋ ተሸክሞ በአደባባይ ለመሄድ የቆረጠው ለእሷ ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ወንድ የት ይገኛል አለች በልቧ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ጎራ ትላለች።

«በላ?»

«በላ።»

ትለካለች፣ ትወጋለች፣ ትሄዳለች።

አንድ ጠዋት ቁጥሩ ከፍ ብሎ አገኘችው።

«በላ?»

«በልቷል፣ ቅድም» አለ ዘማርያም፣ ደብተሮቹን እየሰበሰበ።

የተለመደውን መጠን ወጋችው። ሻምበል እግሯን ታክኮ እየጮኸ እስከ በሩ ተከተላት። ፍቅር መሰላት።

እኩለ ቀን ላይ ስልኳ ጮኸ። እትዬ የዓለምዘርፍ ናቸው። «ነይልኝ... ሻምበል አበደብኝ።»

ስትደርስ ድመቱ ከመርጌታ አልጋ ሥር ይንፈራገጣል። ዘማርያም ከትምህርት ቤት ተጠርቶ መጥቷል፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሀይማኖት ጆሮውን ወጋችው። መለኪያው ቁጥር እንኳ አልሰጣትም፤ ከልክ በታች መሆኑን ብቻ አሳየ።

«ማር ስጡኝ። ቶሎ በሉ።»

ማሩን በጣቷ ድዱ ላይ ቀባች። ደግማ ቀባች።

«ዘማርያም፣ ዛሬ ጠዋት ይሄ ድመት በልቷል?»

እትዬ የዓለምዘርፍ ልጃቸውን አዩት። እሱ ጣሪያውን አየ።

«በልቷል።»

ሻምበል ጭኗ ላይ አንድ ጊዜ ተዘረጋና ቀረ። ጢሙ በማር ተጣብቋል።

«መርፌሽ ነው» አሉ እትዬ የዓለምዘርፍ።

ሀይማኖት ዘማርያምን አየችው። ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ።

ከዚያ በቀጥታ የሄደችው አህመዲን ጋ ነው።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ አህመዲን።»

«ወዓለይኩም ሰላም፣ ዶክተር። ምነው፣ ማር በማር ሆነሻል?»

«ዘማርያም ሥጋ የሚገዛው ካንተ ነው?»

«ዲያቆኑ?» ቢላዋውን አስቀመጠ። «ወላሂ ጾሙ ከገባ እግሩ ደጄን አልረገጠም። ሲያልፍ እንኳ ጃንጥላውን በእኔ በኩል አጋድሎ ነው፣ ሥጋውን እንዳያይ። ለድመቱ ብሎ ቢልክብኝ ቁራጭ አላጣም ነበር።»

ተመልሳ ስትመጣ እትዬ የዓለምዘርፍ ብቻቸውን መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው አብጧል።

«እትዬ፣ ዘማርያም ሥጋ አልገዛም። ሻምበል ሳይበላ ነው የወጋሁት።»

«አውቃለሁ።»

ሀይማኖት የሰማችውን ማመን አቃታት።

«ሣህኑን የማጥበው እኔ አይደለሁም? ከሄድሽ በኋላ ነው ያነሣሁት። ደረቅ ነበር። ሰሞኑን የቅበላውን ቋንጣ ነበር የሚሰጠው፤ እሱም ትናንት አልቋል።»

«ታዲያ ‹መርፌሽ ነው› ያሉኝ...»

«ምን ልበል? ልጄ ዋሽቶ የአባቱን ድመት ገደለ ልበል? ነገ ቅዳሴ የሚቆም ልጅ ነው። እኔ በዚህ ደብር ተዳርኩ፣ በዚህ ደብር ባሌን ቀበርኩ። አንቺ መጤ ነሽ። ሐሜቱ ካንቺ ላይ ይወርዳል፣ እሱ ላይ ግን ይቀራል።» ድምፃቸው አልተለወጠም፤ የእህል ዋጋ የሚነግሩ ይመስል ነበር። «አሁን ጎረቤት ሊያጽናናኝ ይመጣል። በእነሱ ፊት ‹መጠኑን ተሳስቼ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ› ትይኛለሽ። እኔም ይቅር እልሻለሁ። ሠርጉ እንደ ቀኑ ይሆናል።»

«ባልልዎትስ?»

«አንቺ ታውቂያለሽ።»

ዘማርያም ከውስጥ ክፍል ወጣ። ሁሉንም ሰምቷል።

«ሀይማኖት... አንድ ቃል ነች። በያት።»

«ለምን አልገዛህም?»

«ሄጄ ነበር። እስከ ደጁ አጠገብ። የደብሩ አለቃ ሲያልፉ አየሁና ተመለስሁ። በማግስቱ እገዛለሁ አልኩ፣ በማግስቱ ደግሞ...»

«ዛሬ ጠዋት ‹አልበላም› ብትለኝ አልወጋውም ነበር። ያን ያህል ነው የፈለግሁት። አንድ ቃል ነች።»

«እንዳትንቂኝ ፈርቼ ነው። ‹እኔን ይበሉ› ስልሽ እንዴት እንዳየሽኝ አልረሳሁትም... እንደዚያ እያየሽኝ እንድትኖሪ ነው የፈለግሁት። እወድሻለሁ።»

«አውቃለሁ። ሻምበልንም ትወደው ነበር።»

ዘማርያም በጥፊ እንደተመታ ሆነ። ከውጭ የሴቶች ድምፅ ተሰማ፤ ጎረቤቶቹ አጥሩ ጋ ደርሰዋል። እትዬ የዓለምዘርፍ ነጠላቸውን አስተካክለው ፊታቸውን ለሐዘን አዘጋጁ።

«እንዲህ ሆነሽ ከወጣሽ» አለ ዘማርያም እየተንተባተበ፣ «ነገ እዚህ አገር በሬውን የሚያመጣልሽ የለም።»

«በሬው የታመመበት ያመጣል።»

«ሀይማኖት፣ እማማ ያሉሽን ብቻ በያቸው... ከዚያ እኔ እክስሻለሁ። ዕድሜ ልኬን።»

እያለቀሰ ነበር። እንባው እውነተኛ መሆኑ ነው ይበልጥ ያስጠላት። ለአፍታ ያንን ፊት ጠዋት ጠዋት፣ ዓመት ከዓመት፣ «በልቷል» ሲላት አሰበችው። አንድ ቀን የታመመ ሕፃን ይዘው እሷ ስትጠይቀው አሰበችው።

«እትዬ» አለች፣ «ሐዘንዎ ይገባኛል። ይቅርታ ግን አልጠይቅዎትም። ለጎረቤት የፈለጉትን ይንገሩ።»

«ሂጂ እንግዲያ» አሉ እትዬ የዓለምዘርፍ። ልጃቸውን ክንዱን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡት። እሱም ተቀመጠ።

ሀይማኖት በመግቢያው ላይ ከሴቶቹ ጋር ተጋጠመች። መንገድ ለቀቁላት፤ ሰላም ያላት የለም። ሁሉም እስኪገቡ ጠበቀች። የመጨረሻዋ ከገባች በኋላ የበሩን እጀታ ያዘች። ዘማርያም ከሰዎቹ መሃል ቀና ብሎ አያት፤ አልተነሣም።

ወጣችና በሩን ዘጋችው።