አብሾ የተጠጣበት ቀን

የቅኔ መምህሩ የኔታ ዘውገ ከጋፋት በላይ ባለው ጉባኤ ቤታቸው ደጃፍ፣ ማጅራታቸውን ተመትተው ሞተው ተገኙ። በሦስተኛው ቀን ተማሪያቸው ዋልልኝ ደብረ ታቦር ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ «እኔ ነኝ የገደልኋቸው» አለ። በባጃጅ ያመጣውና እጁን ይዞ ያስገባው፣ ከየኔታ በታች ሆኖ ተማሪ የሚያስቀጽለው፣ ትምህርቱን ቃል በቃል የሚያስደግመው፣ ሚልኪያስ ነበር። ጣቢያው ተደሰተ። በራሱ እግር የሚመጣ ገዳይ ነዳጅ ይቆጥባል።

ያልተደሰተችው ኢንስፔክተር ሸዋነሽ ብቻ ነበረች።

«እስቲ ንገረኝ።»

ዋልልኝ ዐይኑን ጨፈነ። «ጧት አብሾ ጠጣሁ። ቀትር ላይ ከጎጆዬ ወጣሁ። የኔታ ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። መቋሚያቸውን ነጠቅሁ...»

«በየትኛው እጅህ?»

ዋልልኝ «ጧት አብሾ ጠጣሁ» ብሎ እንደገና ከላይ ጀመረ። ዐረፍተ ነገር በጨረሰ ቁጥር፣ ጥፊ እንደሚጠብቅ ሰው አንገቱን ይሸጉጣል። መቋሚያውን በምንጭ አጥቦ ከወይራው ሥር እንደ ቀበረው ተናግሮ ጨረሰ። ሸዋነሽ የወይራውን ነገር ለማንም አልተነፈሰችም። እጅጌውን ገልጣ አየች፤ ሁለቱም የእጅ አንጓዎቹ ዙሪያቸውን ተልጠዋል።

ሐኪሙ እሸቴ ልጁን መርምሮ ራሱን ነቀነቀ።

«አብሾ የሚባለው ዕፅ ትምህርት ያስይዛል ብለው ያጠጧቸዋል። የጠጣው ሰው ይቃዣል፣ ይጮኻል። አንጎሉ ግን በዚያ ሰዓት አዲስ ነገር አይዝም። ቀኑ ባዶ ሆኖ ይቀራል።»

«ይኼኛው ቃል በቃል ይወጣዋል።»

«እንግዲያው ቃሉ የገባለት አብሾው ከለቀቀው በኋላ ነው።»

«እንዴት አድርጎ?»

«በፍርሃት። ሰው ሲሸበር አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይረጫል። ያን ጊዜ ፊቱ ያለችው አንዲት ነገር እንደ ማኅተም ትመታበታለች፤ ዙሪያዋ ይጠፋል። እንቅልፍ ነሥተሽ፣ እየመታሽ፣ አንድ ነገር ደጋግመሽ ብትነግሪው የራሱ ትዝታ ይመስለዋል።»

ሬሳውን ያገኙት ከገበያ ሲመለሱ የነበሩት የሟች ባለቤት ወይዘሮ አመተማርያም ናቸው። ሸዋነሽ ስታነጋግራቸው ሚልኪያስ አጠገባቸው ተቀምጦ ያጽናናቸዋል።

«በሩ ክፍት ነበር እናቴ?»

«እንጃ ልጄ።»

«ሰውስ አዩ?»

«እንጃ። የኔታ ከንፈር ላይ አረንጓዴ ዝንብ ነበረች። እስካሁን እሷን ነው የማየው። ደግሞ ይጮኹ ነበር። ‹እጄን! እጄን!› ይሉ ነበር። እኔ ሰው ልጠራ ሮጥሁ።»

«ሐዘኑ ነው» አለ ሚልኪያስ በርኅራኄ። «የሞተ ሰው እንዴት ይጮኻል?»

«ልክ ነዎት» አለች ሸዋነሽ። የሟች እጅ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። «ዋልልኝን ያን ቀን ማን አሰረው?»

«የኔታ ራሳቸው ናቸው» አሉ ሴትዮዋ። «አብሾ የጠጣ ገደል እንዳይገባ ታስሮ ነው የሚውል።»

ሸዋነሽ ከየኔታ ደጃፍ ጥቂት እርምጃ ላይ ያለውን የዋልልኝን ጎጆ አየች። ገመዱ አልተበጠሰም፤ በወጉ ተጠቅልሎ ችካል ላይ ተሰቅሏል።

በማግስቱ ሁሉንም ጉባኤ ቤቱ ግቢ ሰበሰበች። የደብሩ አለቃ ይሻውም መጡ።

«በል፣ ዋልልኝ።»

ጀመረ። መሀል ላይ አቋረጠችው፤ ከላይ ጀመረ። ደግማ አቋረጠችው፤ ደግሞ ጀመረ። በሦስተኛው «በምንጭ አጠብሁት...» ብሎ ተሰናከለ። ዝም። 

«ከወይራው ሥር ቀበርሁት» አለ ሚልኪያስ፣ ቀስ ብሎ፣ ተማሪ ቃል ሲጠፋው ሁልጊዜ እንደሚያደርገው።



«አመሰግናለሁ» አለች ሸዋነሽ። «መቋሚያውን ዛሬ ጧት ከወይራው ሥር አወጣሁት። ቦታውን የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።»

«ልጁ ነግሮኝ ነው!»

«የኔታ ሲገደሉ ልጁ ታስሮ ነበር። እናቴ፣ የሰሙት ጩኸት የሱ ነው፤ ገመዱ እጁን እየላጠው። እርስዎ ሬሳው ላይ ቆመው ሳለ ገና አልተፈታም ነበር። የፈታው፣ እርስዎ ሰው ሊጠሩ ሲሮጡ የገባ ሰው ነው። ያበደ ሰው ደግሞ ገመድ ጠቅልሎ አይሰቅልም። ከዚያ ጣቢያ እስኪመጣ ድረስ ሌት ተቀን አጠገቡ የነበረው ማን ነው?»

«ሚልኪያስ» አሉ ሴትዮዋ።

«አለቃ፣ የኔታ የመምህርነት ወንበራቸውን ለማን ሊሰጡ ነበር?»

«ለዋልልኝ። ለሚልኪያስ ራሳቸው ነግረውታል።»

«ስለዚህ አንዱን ገደለ፤ ሌላውን የሚሰቀልበትን ቃል አስቀጸለ።»

ካቴና ሲገባለት ሚልኪያስ ዋልልኝን አየው፤ ጎበዝ ተማሪውን እንደሚያይ መምህር። «ፍቱት፣ ግድ የለኝም» አለ። «እኔ ያስያዝሁት አይረሳም።»

ዋልልኝ አልተንቀሳቀሰም።

«ሰምተሃል፤ አልገደልህም» አለችው ሸዋነሽ።

«ሰምቻለሁ እትዬ። ግን አስታውሰዋለሁ። ማጅራታቸው ሲሰበር ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ነው።»

ክሱ ተነሣለት። አለቃ ይሻው የሟችን ቃል አከበሩና ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ተማሪዎቹ ዙሪያውን ተኮለኮሉ፤ መምህር የሚለውን ተከትሎ ማለት ሥራቸው ነው። ዋልልኝ ቅኔ ሊያቀብላቸው ዐይኑን ጨፈነ።

«ጧት አብሾ ጠጣሁ» አለ። አንገቱን ሸጎጠ።

«ጧት አብሾ ጠጣሁ» አሉ ተማሪዎቹ፣ ባንድ ድምፅ።