የስልሳ ሦስቱ ሸክላ

«የተፈጥሮ ሞት አይደለም፤ በትራስ ታፍነው ነው» አለች የካውንቲው የአስከሬን መርማሪ ኡምሰልማ፣ የጋሽ ከፍያለውን ከንፈር በጓንት ገልጣ እያየች። ውስጡ በገዛ ጥርሳቸው ተሰንጥቋል። ሃምሳ ዓመት ትራምፔት የነፋ ከንፈር ነው። አዲሰን ከተማ ያለው የአፓርትመንታቸው በር አልተሰበረም። የሚያውቁትን ሰው አስገብተዋል ማለት ነው።

ልጃቸው ሔለን ከኤርፖርት ሥራዋ የገባችው ከቀኑ ስድስት ተኩል ላይ ነው። ሶፋው ላይ የተኙ መስሏት ሻወር ወሰደች። ምሳ ልታበላቸው ስትቀሰቅሳቸው አልነቁም።

ከእሷ ይልቅ ድምፅ አውጥቶ የሚያለቅሰው ጎረቤታቸው ግዛቸው ነበር፤ የድሮው ባንዳቸው ጊታሪስት፣ የሔለን የክርስትና አባት።

«እኩለ ቀን ላይ ደህና ነበረ» አለ። «በመስኮት አየሁት። በስልሳ ሦስት ዓ.ም. ያወጣነውን ሸክላ ሁለተኛ ዜማ ይነፋል፤ የእኔን ድርሰት። ልክ እንደ ሸክላው፣ የትራምፔቱን ድምፅ መለወጫ ፔዳል በእግሩ እየረገጠ ዋ ዋ ያሰኘዋል። ልረብሸው አልፈለግኩም፤ ወደ ዕድር ስብሰባ ሄድኩ።»

«እስከ ስንት ሰዓት ቆዩ?»

«እስከ ዘጠኝ። ሃያ ሰው ይመሰክርልኛል።»

ይህ ቃል ሔለንን ገደል ከተታት። ከእኩለ ቀን በኋላ ቤት የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ፖሊሱም ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም።

ኡምሰልማ ሸክላውን እንደገና ሊያሳትም የተነሣውን የዴንተን ከተማውን ማቲዎስን ለብቻው ጠየቀችው።

«ሶ፣ ቅዳሜ ኢንተርቪው ሊሰጡኝ ነበር» አለ። «ማለቴ፣ ሁለተኛው ዜማ የራሳቸው ድርሰት ነው። ያኔ በጋሽ ግዛቸው ስም ወጣ። ይስተካከል አሉ፤ ለጋሽ ግዛቸውም ነግረዋቸዋል። ለሽፋኑ ፎቶ ብዬ ትናንት ፔዳሉን ፒክአፕ አደረግኩት። መኪናዬ ውስጥ ነው።»

ኡምሰልማ አስመጥታ አየችው። ከዚያ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበች። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆመ።

«ጋሽ ግዛቸው፣ ይሄ ፔዳል ከትናንት ጀምሮ እዚህ ቤት የለም» አለች። «ስለዚህ ዛሬ ሲረግጡት አላዩም። ከድሮው ሸክላ ቀድተው ነው የነገሩኝ። እኩለ ቀን ላይ በሕይወት መኖራቸው የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ሃያ ምስክር ላለው ሰው ነው፤ ለእርስዎ። ቅዳሜ ደግሞ የሰረቁት ዜማ ለባለቤቱ ሊመለስ ነበር። ጠዋት መጡ፤ የልጅነት ጓደኛቸው ነዎትና ከፈቱልዎ።»

የግዛቸው ለቅሶ ቀጥ አለ። ያ ሁሉ እንባ ወዴት እንደገባ እንጃ።

«ሃምሳ ዓመት በስሜ የተጠራ ዜማ ነው» አለ። «ልጆቼ ፊት ሌባ ልባል?»

ኡምሰልማ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ ሰው ግን እንዲህ ጠልታ አታውቅም። ፊቷን አዞረች።

«እኔስ?» አለች ሔለን። «ክርስትና ያነሡኝ እርስዎ አይደሉም? ዝም ብለው ሊያሳስሩኝ ነበር?»

ግዛቸው የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ።

«ጠበቃ እቀጥርልሽ ነበር» አላት። «ጥሩ ጠበቃ።»