የአሥራ ሁለት ቋጠሮው ቀላድ

በዝማሮን መንግሥት አንድ ማለዳ ከብራናዎቹ ሁሉ አንዲት ምልክት ጠፋች፤ ግድግዳና መሬት ቀጥ ብለው በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ የምትሳለው ትንሿ ሣጥን። የማዕዘኑም ስም ከሰው ሁሉ አፍ ጠፋ። ወይ ጉድ! ቃል የሚበላ አንድ ዘንዶ ውጦት ኖሯል።

«ታዲያ አንድ ስም ቢጠፋ ምን ይመጣል?» ትሉ ይሆናል። በዚያ አገር ስም የሌለው ቅርጽ አይጸናም። ግንበኞቹ አሥራ ሁለት ቋጠሮ ያለውን የመለኪያ ገመድ፣ ቀላዱን፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት አድርገው በሦስት ጎን ወጥረው ማዕዘኑን ያወጣሉ፤ ሲመሽ ተከፍቶ ያገኙታል። ሐይቁን ያገደው ታላቁ ግንብም መዝመም ጀመረ። ከግንቡ ሥር የቀላድ ጣይዋ የኤልሳማ እናት ይኖራሉ፤ እግራቸው ስለማይታዘዝላቸው መሸሽ አይችሉም።

ኤልሳማ ቀላዷን ወገቧ ላይ ጠምጥማ «ግንቡን ሳላድን ብመለስ የጠባሁት ጡት ይፋረደኝ!» ብላ ማለች። ሁሉም «ሽማግሌው» የሚሏቸው መምህሯ ጦራቸውን ይዘው ተከተሏት። ስማቸውን ጠይቃቸው አታውቅም።

ሰባት ቀን በጨው ምድረ በዳ ተጉዘው ዘንዶውን አገኙት። እሷ መንጋጋውን በቀላዱ አሰረች፤ እሳቸው ጉሮሮውን ወጉት፤ ጅራቱ ግን ጎናቸውን ሰባበረው። ኤልሳማ ሆዱን ብትሰነጥቀው ቃሉ ተፈጭቶ አልቋል።

«አለቀልን አባቴ! በከንቱ ነው የመጣነው!» ብላ መሬት ላይ ተዘርራ አለቀሰች።

«ልጄ» አሉ ሽማግሌው እያቃሰቱ፣ «ለቅርጽ ስም የሚሆነው የሰው ስም ብቻ ነው። የጠፋውም የአንድ የጥንት ግንበኛ ስም ነበር። ስሙን የሰጠ ሰው ግን ከሚያውቁት ሁሉ ልብ ይፋቃል። የእኔን በሰጠሁልሽ፤ ምን ያደርጋል፣ በወጣትነቴ ለማይገናኙት ሁለት መስመሮች ሰጥቼዋለሁ። ቤቴ ስመለስ ሚስቴ በር ላይ አቁማ ‹ማንን ፈለጉ?› አለችኝ።»

ይህን ተናግረው አረፉ። ብቻዋን ቀረች። እንደ ሕፃን «እማዬ፣ እማዬ» እያለች እስኪበቃት አነባች። ከዚያ በአሸዋው ላይ ማዕዘኑን ሠርታ፣ ትንሿን ሣጥን ስላ፣ ጎንበስ ብላ የገዛ ስሟን ነገረችው።

ልጅቷ ስትመለስ ግንቡ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ግንበኞቹ ከላይ «ኤልሳማው ልክ ነው! ኤልሳማውን ጠብቅ!» እያሉ ይጯጯሃሉ። እናቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«እንደምን ዋሉ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው እንዲህ ጠወለግሽ የኔ ልጅ? የማን ልጅ ነሽ?»

ልጅቷ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ሴትዮዋ ውሃ በቅል አቀበሏትና ወደ ግንቡ ጆሯቸውን ቀሰሩ።

«ስሚ እስቲ ይህን ቃል፤ እንዴት ያምራል! እኔ ልጅ ወልጄ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ብዬ ነበር የምጠራት።»

«ያምራል» አለች ልጅቷ። ውሃውን ጠጥታ፣ ቅሉን መልሳ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ መንገዷን ቀጠለች።