የታችኛው ወለል ስም

ኸሊል ባሕረኛው የሞተው በጠራራ ቀትር፣ መተማ ዮሐንስ ከሙቀቱ ሸሽታ በተኛችበት ሰዓት ነው። ከገዛ ፔንሲዮኑ ሰገነት ወድቆ ግቢው ውስጥ በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ።

ኢንስፔክተር ማርያማዊት ስትደርስ አስከሬኑ በአንሶላ ተሸፍኗል፤ የጎረቤቱ የኡመይር እጅም ካቴና ገብቶበታል። ሃያ ሁለት ዓመት ቆላውን ስትዞር ወባው አጥንቷ ውስጥ ቤት ሠርቶ ተቀምጧል፤ ዛሬም ጉልበቷን ይቆረጥማታል። ነገሩ አልቆ ቢጠብቃት በወደደች። ግን ቶሎ ያለቀ የሚመስል ነገር ሥራ እንደሚያበዛ ታውቃለች።

«እሱ ነው» አለ ኡመይርን የያዘው ፖሊስ። «ጧት በሰው ፊት ‹ከዚያ ሰገነት እወረውርሃለሁ› ብሎታል።»

«ብያለሁ!» አለ ኡመይር፤ በገበያው የታወቀ የሰሊጥ ነጋዴ ነው። «ወላሂ ብያለሁ! ፎቁን ሲጨምር ግቢዬ እንዳለ ታየ። ሴቶቹ ልብስ ማስጫ እንኳ አጡ። ሰው ተናዶ የተናገረው ሁሉ ቢፈጸም ኖሮ፣ ያ ጀማዓ፣ በዚህ አገር ሰው ይተርፍ ነበር?»

«አይተርፍም» አለች ማርያማዊት። «ቀትር ላይ የት ነበሩ?»

«ቤቴ ተኝቼ። ያልተኛ ማን አለ?»

ጉልበቷን እየረገመች ሰገነቱ ላይ ወጣች። በአንድ ወገን የብረት መከታው ገና አልተበየደም። ከጫፉ አጠገብ የተበጠሰ የእጅጌ ቁልፍ አገኘች። ስትወርድ ደግሞ በየፎቁ መግቢያ ላይ ቀለም የተቀባ የእንጨት ሰሌዳ አየች፤ ላይኛው «ሊዶ»፣ መካከለኛው «ፕሮመናድ» ይላል። ምድር ቤቱ በር ላይ ግን ሰሌዳ የለም። አራት የምስማር ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል፤ የኖራው ብናኝ ገና ወለሉ ላይ ነው።

የሟቹ ሚስት ረቢዓ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ማርያማዊትም ከጎኗ ቁጭ አለች፤ ለአክብሮትም ለጉልበቷም።

«እነዚህ ስሞች ምንድን ናቸው፣ እህቴ?»

«የመርከብ ናቸው። እዚሁ መተማ ተወልዶ ቢያድግም ስድስት ዓመት የመዝናኛ መርከብ ላይ ልብስ አጣቢ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ያወራል። የመርከብ ፎቅ ስም አለው ይላል። ሊዶ ኢጣሊያ አገር ያለ ደሴት ነው፤ ሀብታም ይዋኝበታል። ፕሮመናድ መንሸራሸሪያ ማለት ነው። ባለቤቶቹ መንገደኛው ሊሆንበት የሚመኘውን ቦታ እያሰቡ ይሰይሙታል።»

«ታችኛውስ?»

«ታችኛው የሠራተኛ ነው፤ ስም የሚያወጣለት የለም። ስለዚህ አጣቢዎቹ ራሳቸው ‹ኮኪት› አሉት፤ ሙቀቱ ይህችን የቅርባችንን ከተማ ኮኪትን ስለሚያስንቅ። ይህን እኔም የሰማሁት ዛሬ ጧት ነው። ስሙን የጻፈበትን ሰሌዳ ምድር ቤቱ በር ላይ ሲሰቅል ቁርስ ለሚበላው ሁሉ አወራ።»

«ልብስ ይተኩስልሽ ነበር?»

ረቢዓ በእንባዋ መሐል ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። «ኸሊል? ካውያ ይዞ አያውቅም። ጣና ላይ በጀልባ ብንሄድ እንኳ አንጀቱ እስኪወጣ አስመለሰው። ‹መርከብና ጀልባ ለየቅል ነው› አለኝ። አመንሁት፤ ባሌ ነው።»

ኩሽና ውስጥ ምግብ አብሳይዋ የዓለምወርቅ ሽንኩርት ትከትፋለች። ከተቀጠረች ሦስት ወሯ ነው። የቢላዋዋ ጫፍ ተጣሟል፤ ከመያዣው ሥርም ነጭ ኖራ ይታያል።

«ከየት ነሽ?» አለች ማርያማዊት።

«ከጎጃም፣ ከሞጣ።»

«ምን አወረደሽ?»

«ሰው ፍለጋ።»

«ተገኘ?»

ቢላዋው ቆመ። «አልተገኘም።»

ማርያማዊት በመስኮቱ የድንበሩን ድልድይና ከማዶ ያለውን የሱዳኗን ከተማ የጋላባትን ቆርቆሮ ጣሪያ ስታይ ቆየችና ሁሉም ሳሎን እንዲሰበሰቡ አዘዘች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል» ብላ ጀመረች ድምፅዋ ዝሎ። «በአንድ ቀትር ሁለት ነገር ሆነ፤ ሰው ወደቀ፣ ሰሌዳ ጠፋ። ኡመይር ገፍቶት ቢሆን ኖሮ ወደ ቤታቸው ይሮጣሉ እንጂ ቆመው ምስማር አይነቅሉም። የጠሉት ፎቁን ነው፤ ምድር ቤቱ ምን አደረጋቸው?»

«ሹክረን!» አለ ኡመይር።

«ይቆዩ፣ አልጨረስሁም። ኸሊል ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው። ለመተማ ሰው ኮኪት ጎረቤት ነው፤ ሙቀቱም የቤቱ ሙቀት ነው። ምድጃ የመሰለ ቦታ ሲያይ ‹ኮኪት› የሚለው ከደጋ ወርዶ ሰሊጥ ሲያርም እዚያ የተቃጠለ ሰው ነው። ስሙን ያወጣው ኸሊል አይደለም።»

ረቢዓ ቀና አለች። «ታዲያ መርከቡ…»

«መርከቡ ላይ አልነበረም፣ እህቴ። ካውያ የማያውቅ ልብስ አጣቢ የለም። ሲያወራላችሁ የኖረው የሌላ ሰው ሕይወት ነው። ሰሌዳውን በቢላዋ የነቀለው ደግሞ የዚያ ሰው ወገን ነው።» ወደ ምግብ አብሳይዋ ዞረች። «ማንሽ ነበር?»

የዓለምወርቅ ተነሥታ ወጣች። ፖሊሱ ሊከተላት ሲል ማርያማዊት በዓይኗ ከለከለችው። ሴትዮዋ በነጠላ የተጠቀለለውን ሰሌዳ እንደ ሕፃን ታቅፋ ተመለሰች።

«ያረጋል ወንድሜ ነው። ከመርከቡ ይደውልልኝ ነበር። ‹የምሠራበትን ወለል ኮኪት ብየዋለሁ፤ የውጭ አገር ሰዎቹም እንደዚያው ይሉታል› እያለ ያስቀኝ ነበር። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ‹ሱዳን ደርሻለሁ፣ መጣሁ› አለ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ የለም። እናቴ ሞተ ብላ ተዝካር አላወጣች፤ አለ ብላም እንቅልፍ አልተኛች። ፎቶውን ለጋሽ ኸሊል ባሳያቸው አላውቀውም ብለው ማሉ። ዛሬ ጧት ግን በወንድሜ ቃል አወሩ።»

«ሰገነት ድረስ ተከተልሻቸው።»

«ተከተልሁ። እጅጌያቸውን ያዝሁ። ‹ሱዳን ውስጥ ታሞ አገኘሁት፣ አስታመምሁት፣ በእጄ ሞተ። ባዶዬን አገሬ ከምገባ ታሪኩን ይዤ ገባሁ› አሉኝ። ‹የት ቀበሩት?› አልሁ። ‹ልቀቂኝ፣ እነግርሻለሁ› አሉ። አልለቀቅሁም። ሲመነጭቁኝ ቁልፉ ተበጠሰ፤ ወደ ኋላ ሄዱ።» ሰሌዳውን አጥብቃ ያዘች። «ሱዳን ሰፊ ነው። መቃብሩን የሚያውቀው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውን ገደልሁ። እናቴን ምን ልበላት?»

ማርያማዊት እስከ ዛሬ ያሰረችው ሰው እንዲህ አሳዝኗት አያውቅም። የኡመይርን ካቴና ፈታች፤ ግን ወዲያው ሌላ እጅ ላይ ልታደርገው አልቻለችም።

ረቢዓ ስትናገር የዓለምወርቅን አላየቻትም።

«በየዓመቱ አጨዳ ሲያልቅ ብቻውን ድልድዩን ይሻገር ነበር። ሲመለስ የሱሪው ጉልበት አፈር ነው። ሌላ ሴት አለችው ብዬ አንድ ቀን ተከተልሁት። ከጋላባት ገበያ ጀርባ፣ ኒም ዛፍ ሥር ተንበርክኮ ድንጋይ ይደረድራል። ድንጋዩ ላይ መስቀል ተስሏል። ኸሊል ከክርስቲያን መቃብር ምን አለው ብዬ ገረመኝ፤ ሳልጠይቀው ኖርሁ። ዘንድሮ ማዶው በሱዳኑ ጦርነት ተዘጋበት፤ መቃብሩ ጋ መሄድ አጣ። ሰሌዳውን የሰቀለው ለዚህ ይሆናል።»

«ጋላባት?» አለች የዓለምወርቅ። ሦስት ወር ሙሉ ሽንኩርት ስትከትፍ በመስኮት ያየችው ጣሪያ ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ በወንድሟ ስም ሙሾ አወጣች።

ረቢዓ ጆሮዋን ልትይዝ እጇን አነሣች፤ መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችው። ሙሾው እስኪበርድ ጠበቀች።

«አንቺን ይቅር ለማለት አቅም የለኝም» አለች። «እናትሽ ግን መንገዱ ሲከፈት ትምጣ። እኔ አሻግራታለሁ።»