አቶ አሰፋን ማን አጠመቃቸው?

አቶ አሰፋ በባሕር ማዶ፣ ዋይት ሴንተር በተባለ ሰፈር ባለች ትንሽ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መጠመቂያ ገንዳ ውስጥ ሞተው የተገኙት እሑድ ጠዋት ነው። ከሦስት ሰዓታት በኋላ አሥራ አንድ ሰዎች፣ ከእነሱም ሦስቱ ልጆች፣ እዚያው ውሃ ውስጥ ሊጠመቁ ቀጠሮ ነበራቸው።

መርማሪዋ ኖላዊት ስትደርስ አስከሬኑ ምንጣፉ ላይ ተጋድሟል። እጇን ገንዳው ውስጥ ነከረች። ውሃው ገና አልሞቀም፤ ጣት ያደነዝዛል። ሟቹ ነጭ የጥምቀት ጋዋን ለብሰዋል፤ ማሰሪያው ጀርባቸው ላይ ጠበቅ ተደርጎ ታስሯል። ወንበሩ ላይ ልብሳቸው ተጣጥፎ፣ ከላዩ ጥቁር ማተባቸው በመሐረብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ማተቡ አልተቆረጠም። ቋጠሮው ተፈትቷል።

ያገኛቸው ዲያቆን ታምራት ነው። «አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ከፍቼ የገንዳውን ሂተር ኦን አደረግኩ። ከዚያ ወንበር ላመጣ ጎረቤት ከተማ ቱክዊላ ሄድኩ። በሩን ሎክ አላደረግኩትም። ሁለት ሰዓት ስመለስ…»

«ዛሬ ከሚጠመቁት ነበሩ?»

«ነበሩ። ልባቸው ደካማ ስለሆነ ፓስተር ካንስል አደረገው።»

ፓስተር ገመዳ ፊቱ አመድ መስሏል። «ሐሙስ ነው የነገርኳቸው። ሐኪም ይፍቀድ አልኩ። አለቀሱ።»

«ባለቤታቸውስ?»

«እማማ ማንአልሞሽ ኦርቶዶክስ ናቸው። ‹በአርባ ቀኑ ተጠምቋል፤ ሁለት ጥምቀት የለም› እያሉ እስከ ሐሙስ ድረስ በስልክ ሲጨቀጭቁኝ ነበር።»

«ዛሬ ደውለዋል?»

ስልኩን አወጣ። አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ፣ ሦስት ጊዜ። «እየጸለይኩ ነበር። ያው ጭቅጭቅ መስሎኝ አላነሳሁም።»

ልጃቸው ናርዶስ ነርስ ናት፤ ሌሊቱን ሥራ ላይ አድራለች። የአባቷ ቀኝ እጅ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ እንደማይታዘዝ ለኖላዊት ነገረቻት።

«ከሥራ ስትመለሺ እናትሽ የት ነበሩ?»

«ሶፋ ላይ። የኔን ጃኬት ለብሳ።»

«የራሳቸው ካፖርትስ?»

ናርዶስ ጥቂት አሰበች። «ልብስ ማድረቂያው፣ ድራየር ውስጥ እየዞረ ነበር።»

ኖላዊት ፓስተሩን፣ ዲያቆኑን፣ ናርዶስንና ከልጃቸው ጋር የመጡትን ማንአልሞሽን የፊተኛው አግዳሚ ላይ አስቀመጠች። የምትለውን ታውቃለች፤ ባታውቀው ግን ትመርጥ ነበር።

«አቶ አሰፋ ብቻቸውን አልነበሩም። በአንድ እጅ ጀርባ ላይ ማሰር አይቻልም። ያለበሳቸው ሰው ማተባቸውንም ፈታ። ለማተብ ግድ የሌለው ሰው ይቆርጠው ነበር፤ ይህ ግን ቋጠሮውን በጥፍሩ ፈልቅቆ በመሐረብ ጠቀለለው። ገንዳው ውስጥ ሲገባ ካፖርቱ ራሰ፤ ቤት ሄዶ ድራየር ውስጥ ከተተው። ከዚያ በፊት ግን ለፓስተር ሦስት ጊዜ ደወለ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማማ፣ ያጠመቋቸው እርስዎ ነዎት።»

«ኖ!» ናርዶስ ብድግ አለች። «የምትቃወመው እኮ እሷ ናት!»

ማንአልሞሽ ቀና አላሉም። «ሳልጠመቅ መሞቴ ነው ብሎ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። አርባ አራት ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ ሆኖ አላየሁትም። ዓርብ ዕለት ልለምን ብዬ ለፓስተሩ ደወልኩ፤ አላነሳም። ቅዳሜም ደወልኩ። እንግዲህ እኔው ይዤው መጣሁ። አጋድሜ ውሃው ውስጥ ነከርኩት። ቀና ላደርገው ስል ከበደኝ። ጎተትኩ፤ ጎተትኩ…»

«ለአምቡላንስ፣ ናይን ዋን ዋን ለምን አልደወልሽም?» ናርዶስ አለቀሰች። «ለኔስ?»

«ያንቺ ስልክ ሥራ ላይ ሎከር ውስጥ ተቆልፎበት ነው። ለፈረንጁ ደግሞ ምን ብዬ ላስረዳው? ከተመለስሽ በኋላማ አፌ እምቢ አለኝ።»

ታምራት ፊቱን ሸፈነ። ኖላዊት ብዕሯን አወጣች። ማን፣ መቼ፣ እንዴት፣ ሁሉም ተመልሷል፤ አሮጊቷን ከዚህ በኋላ ከሚመጣው የምታድንበት አንድም ቃል ግን አላገኘችም። ሪፖርቱን ከመጻፍ በቀር ምንም ማድረግ አትችልም።

ማንአልሞሽ ወደ ፓስተሩ ዞሩ።

«ስመ ሥላሴን ጠርቻለሁ። ሌላ የሚባለውን አላውቅም። ይቆጠርለታል?»

ውጭ የተጠማቂዎቹ ቤተሰቦች መኪናቸውን ፓርክ ማድረግ ጀምረዋል።